ግድ ነው ወይስ ሊሆን ይችላል? ስለ አካፋይ፣ ብዜትና ብቸኛ ቁጥር ለተላኩ የፈተና ጥያቄዎች መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን የሒሳብ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ርዕስ ዙሪያ ስለሆኑ አንድ ላይ ሰብስበናቸዋል። ጽሑፋቸውን አሳጥረናል፤ ስሌቶቹን ግን አልነካንም፤ ስህተቱ የቱ ጋ እንደተፈጠረ እንዲታይ እንፈልጋለንና።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ5ኛ ክፍል ልጄን የማስጠናው እኔ ነኝ። «17ን ለ5 ስናካፍል አካፋዩ 5 ነው» ብሎ ተምሯል። ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ደግሞ «5 የ17 አካፋይ አይደለም» ይላል። ልጁ ግራ ተጋባ፤ እኔም ማስረዳት አቃተኝ። የትኛው ነው ትክክል?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው። «አካፋይ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ስለያዘ ነው ችግሩ የመጣው። በማካፈል ስሌት ውስጥ ተካፋይ፣ አካፋይ፣ ድርሻና ቀሪ የሚባሉ አራት ቦታዎች አሉ። 17 ለ5 ሲካፈል ተካፋዩ 17፣ አካፋዩ 5፣ ድርሻው 3፣ ቀሪው 2 ነው። እዚህ ላይ «አካፋይ» የቦታ ስም ነው፤ ከዜሮ በስተቀር የትኛውም ቁጥር ሊቀመጥበት ይችላል። «የ17 አካፋይ» ሲባል ግን በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለ ዝምድና ነው፤ 17ን ምንም ሳያስተርፍ የሚያካፍል ማለት ነው። የ17 አካፋዮች 1 እና 17 ብቻ ናቸው። ልጅዎ ከቁጥሩ ፊት ያለችውን «የ» እንዲፈልግ ይንገሩት። «የ» ካለች ቀሪው ዜሮ መሆን አለበት።

«ብዜት»ም እንዲሁ ሁለት ቦታ ይገባል። «የ6 እና የ4 ብዜት» ሲባል የማባዛቱ ውጤት ነው፤ እሱም 24። «24 የ6 ብዜት ነው» ሲባል ደግሞ 6ን በሆነ ሙሉ ቁጥር አባዝተን 24ን እናገኛለን ማለት ነው። «የ6 እና የ4 የጋራ ብዜቶች» ከተባለ መልሱ 12፣ 24፣ 36 እያለ ይቀጥላል። «የጋራ» የምትለዋን ቃል ዘሎ ያነበበ ልጅ ስሌቱን አሳምሮ ሠርቶም መልሱን ይስታል።

አቅጣጫው ለሚምታታበት ልጅ አንድ መፈተኛ ይበቃል፦ የአንድ ቁጥር አካፋይ ከቁጥሩ አይበልጥም፣ ከዜሮ የሚበልጥ ብዜቱ ደግሞ ከቁጥሩ አያንስም። ቁጥሩ ራሱ የራሱ አካፋይም የራሱ ብዜትም ነው። ስለ ዜሮም ልጁ መጠየቁ አይቀርም። 0 የማንኛውም ቁጥር ብዜት ነው፣ ተጋማሽም ነው። «የ6 የመጀመሪያዎቹ 5 ብዜቶች» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግን መመሪያው ስለ መቁጠሪያ ቁጥሮች ነው ወይስ ስለ ሙሉ ቁጥሮች የሚናገረው የሚለውን አስቀድሞ ያንብብ። መቁጠሪያ ቁጥሮች ከሆኑ ከ6 ይጀምራል፤ ሙሉ ቁጥሮች ከሆኑ ከ0።

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። 1 ለ1ም ለራሱም ይካፈል የለ? ታዲያ ለምን ብቸኛ ቁጥር አይባልም? ደግሞ 91ን ብቸኛ ቁጥር ነው ብዬ አንድ ጥያቄ ተሳሳትኩ። በፈተና ሰዓት በፍጥነት የሚለይበት መንገድ አለ?

መልስ፦ ብቸኛ ቁጥር፣ ብዙዎች ፕራይም የሚሉት፣ ልክ ሁለት የተለያዩ አካፋዮች ያሉት መቁጠሪያ ቁጥር ነው። 1 ያለው አካፋይ አንድ ብቻ ስለሆነ አይገባም። ትርጉሙ እንዲህ የተደነገገው በምክንያት ነው። 12ን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ስትተነትኚው 2 × 2 × 3 ይሆናል፤ ቅደም ተከተሉን ካልቀያየርሽ በቀር ሌላ መንገድ የለም። 1ን ብቸኛ ብንለው ግን 1 × 2 × 2 × 3፣ 1 × 1 × 2 × 2 × 3 እያልን ማለቂያ የሌለው ትንታኔ እንጽፍ ነበር። ከዚህ በታች የምታነቢያቸው ዘዴዎች ሁሉ የቆሙት እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ትንታኔ ብቻ ያለው በመሆኑ ላይ ነው።

91 ብዙ ሰው ያታልላል። 7 × 13 ነው፤ በቃል የምናጠናው የማባዣ ሠንጠረዥ ግን እስከዚያ አይደርስም። ደስ የሚለው ነገር ከ100 በታች እንዲህ የሚያታልል እሱ ብቻ መሆኑ ነው። ከ1 በላይና ከ100 በታች ያለ ብቸኛ ያልሆነ ቁጥር ከ2፣ ከ3፣ ከ5 ወይም ከ7 ባንዱ መካፈሉ ግድ ነው። የ2 እና የ5ን ከመጨረሻው አሃዝ ታውቂያለሽ፤ የ3ን አሃዞቹን በመደመር ታገኛለሽ። 51 (5 + 1 = 6)፣ 57 (5 + 7 = 12) እና 87 (8 + 7 = 15) በዚህ ይያዛሉ። ከ1 በስተቀር ከእነዚህ ሦስት መፈተኛዎች የሚያመልጡት ብቸኛ ያልሆኑ ቁጥሮች 49፣ 77 እና 91 ብቻ ናቸው። ሁለቱን ከማባዣው ታውቂያቸዋለሽ። 91ን በቃል ያዢው።

ከ100 በላይ ለሆነ ቁጥር እስከ ዳግም ዘሩ (ስኩዌር ሩቱ) ድረስ ባሉ ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ሞክሪ። 223ን እንውሰድ። 15 × 15 = 225 ስለሆነ ዳግም ዘሩ ከ15 ያንሳል፤ የምትሞክሪው በ2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እና 13 ነው። ተጋማሽ አይደለም፣ የአሃዞቹ ድምር 7 ነው፣ በ5 ወይም በ0 አያልቅም። ለ7 ሲካፈል 6፣ ለ11 ሲካፈል 3፣ ለ13 ሲካፈል 2 ይቀራል። ስለዚህ ብቸኛ ነው። ከ15 በላይ መሄድ የማያስፈልገው አካፋዮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚመጡ ነው፦ ሁለቱም ከ15 ቢበልጡ ብዜታቸው ከ225 ይበልጥ ነበር። እግረ መንገድሽን 221ንም ሞክሪ፤ 13 ላይ ትደርሺበታለሽ፦ 13 × 17።

ጥያቄ፦ ለመግቢያ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። «ነ ለ4 እና ለ6 ያለቀሪ የሚካፈል ቁጥር ነው። ነ ለየትኛው የግድ ይካፈላል? 8፣ 12፣ 24፣ 48» ለሚለው 24ን መረጥኩ። 24፣ 48 እና 72ን ሞክሬ ሁሉም ሠርተውልኛል። መልሱ ግን 12 ነው ተባልኩ። ለምን?

መልስ፦ ከሁሉም ደብዳቤዎች ይህን በሰፊው መመለስ የፈለግነው በዚህ ርዕስ ፈተናዎች የሚያጠምዱት በአብዛኛው እዚሁ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ይተንትኑ። 4 = 2 × 2፣ 6 = 2 × 3። ነ ለ4 ተካፈለ ማለት ውስጡ ቢያንስ ሁለት 2ዎች አሉ ማለት ነው። ለ6 ተካፈለ ማለት ደግሞ ቢያንስ አንድ 2 እና አንድ 3 አለው ማለት ነው። የ6ቷ 2 ግን ከ4ቱ ሁለት 2ዎች አንዷ ራሷ ልትሆን ትችላለች። ሦስተኛ 2 መኖሯን የሚነግር ምንም ነገር ጥያቄው ውስጥ የለም። 24 ደግሞ 2 × 2 × 2 × 3 ነው። እርስዎ ያልተሰጠ 2 ጨምረዋል። እርግጠኛ የምንሆነው በሁለት 2ዎችና በአንድ 3 ብቻ ነው፤ ይኸውም 12፣ የ4 እና የ6 ትንሹ የጋራ ብዜት (ትጋብ)።

ሙከራዎ ያሳሳተዎት የመረጧቸው ቁጥሮች ሁሉ አስቀድመው የ24 ብዜቶች ስለሆኑ ነው። 12፣ 36 እና 60 ቀርተዋል። «የግድ» ለሚል ጥያቄ ምንጊዜም ሁኔታውን የሚያሟላውን ትንሹን ቁጥር ይሞክሩ፤ እሱም ትጋቡ ነው። ትጋቡን ያለቀሪ የማያካፍል ምርጫ በሙሉ ይውደቅ። 12 ለ8 አይካፈልም፣ ለ24 አይካፈልም፣ ለ48 አይካፈልም። በአሥር ሰከንድ ያልቃል። ጥያቄው «ነ ለየትኛው ሊካፈል ይችላል?» ቢሆን ኖሮ ግን አራቱም ምርጫዎች ትክክል ናቸው፤ 48 ራሱ ለአራቱም ይካፈላል። በአንድ ቃል ልዩነት መልሱ ሁሉ ይገለበጣል።

ታዲያ ዝም ብሎ ማባዛት የሚሠራው መቼ ነው? ሁለቱ ቁጥሮች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ከሌላቸው ነው። ለ4 እና ለ9 የሚካፈል ቁጥር ለ36 ይካፈላል፤ የሚደራረብ ነገር የላቸውምና። ለ2 እና ለ3 የሚካፈል ለ6 መካፈሉም ከዚሁ ነው። ለ2 እና ለ4 የሚካፈል ግን ለ8 ለመካፈሉ ማስረጃ የለንም።

ይኸው ሐሳብ ጠንከር ብሎ ሲመጣ እንዲህ ይጠየቃል፦ «ነ² ለ72 ይካፈላል። ነን የግድ የሚያካፍለው ትልቁ ቁጥር ስንት ነው?» 72 = 2³ × 3²። አንድን ቁጥር በራሱ ስናባዛ እያንዳንዱ ብቸኛ አካፋይ በእጥፍ ስለሚመጣ የነ² አርቢዎች (እያንዳንዱ ብቸኛ አካፋይ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም የሚያሳዩት ከላይ የሚጻፉ ቁጥሮች) ሁሉ ተጋማሽ ናቸው። ነ² ሦስት 2ዎች ካሉት አራተኛም አለው፤ ሦስት ብቻ መሆን አይችልም። ስለዚህ ነ² ለ2⁴ × 3² ይካፈላል፣ ነ ደግሞ ለ2² × 3 = 12። እዚህ ላይ ስህተቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል፦ 3ን ለ2 አካፍለው ወደ ታች የሚያጠጋጉ ሰዎች 6 ይላሉ። ማጠጋጋቱ ወደ ላይ ነው። ነ² ሳይሆን ነ³ ለ72 ይካፈላል ቢባል መልሱ በእርግጥም 6 ይሆን ነበር፤ አንድ 2 እና አንድ 3 ሦስት ጊዜ ሲደጋገሙ 216 ይሰጣሉ፣ እሱም ለ72 ይካፈላል።

ሌላው የዚህ ዘመድ፦ «ሀ × መ ለ12 ይካፈላል። ከሁለቱ አንዱ ለ12 መካፈሉ ግድ ነው?» አይደለም፤ 3 እና 4 አሉ፣ 2 እና 6 አሉ። በ12 ፋንታ 7 ቢሆን ግን ግድ ነው፤ 7 ብቸኛ ስለሆነ ግማሹ ከሀ፣ ግማሹ ከመ ሊመጣ አይችልም። ይህን ሕግ ኤውክሊድ ያረጋገጠው ከ2300 ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን ከትንታኔው አንድ ብቻ መሆን ጀርባ ያለውም ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ «360 ስንት አካፋዮች አሉት?» ሲባል አንድ በአንድ እየጻፍኩ ጊዜ አለቀብኝ፤ ያውም 22 ላይ አቆምኩ።

መልስ፦ 24 ናቸው። 360 = 2³ × 3² × 5። የ360ን ማንኛውንም አካፋይ ለመሥራት ሦስት ውሳኔ ትወስናለህ፦ ስንት 2 ልውሰድ (0፣ 1፣ 2 ወይም 3፤ አራት ምርጫ)፣ ስንት 3 (ሦስት ምርጫ)፣ ስንት 5 (ሁለት ምርጫ)። 4 × 3 × 2 = 24። በየአርቢው ላይ 1 የሚደመረው «ምንም አልወስድም» የሚለውም ምርጫ ስለሆነ ነው፤ ያንን የረሳ 3 × 2 × 1 = 6 ብሎ ይወጣል።

ቀመሩን ብቻ ከሸመደድክ ጥያቄው ሲዞር ትቸገራለህ፤ ምርጫዎቹን ከቆጠርክ ግን ሁሉም ይፈታል። ኢ-ተጋማሽ (ጎዶሎ) የሆኑት አካፋዮች ስንት ናቸው? 2 አይወሰድም፦ 1 × 3 × 2 = 6። የ6 ብዜት የሆኑትስ? ቢያንስ አንድ 2 እና ቢያንስ አንድ 3 ይወሰዳል፦ 3 × 2 × 2 = 12።

«ልክ 3 አካፋይ ያላቸው ከ100 በታች ያሉ ቁጥሮች ስንት ናቸው?» ለሚለው 9 የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ዳግም ርቢ (አንድ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚገኝ) የሆነውን ቁጥር ሁሉ ይቆጥራሉና። ዳግም ርቢ መሆን የአካፋዮቹን ብዛት ጎዶሎ ያደርገዋል እንጂ 3 አያደርገውም። ለምሳሌ 36 ዘጠኝ አካፋዮች አሉት። 3 የሚሆነው የብቸኛ ቁጥር ዳግም ርቢ ሲሆን ብቻ ነው፦ 4፣ 9፣ 25፣ 49። መልሱ አራት ነው። «ልክ 4 አካፋይ ያላቸው» ከተባለ ደግሞ ሁለት ዓይነት አሉ፦ የሁለት የተለያዩ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት፣ ወይም የአንድ ብቸኛ ቁጥር ሣልስ ርቢ (እንደ 2 × 2 × 2)። ከ30 በታች የመጀመሪያዎቹ 6፣ 10፣ 14፣ 15፣ 21፣ 22፣ 26 ሲሆኑ የሚረሱት 8 እና 27 ናቸው። በድምሩ ዘጠኝ።

ጥያቄ፦ በቃላት የተጻፈ ጥያቄ ሲመጣ ትልቁን የጋራ አካፋይ (ትጋአ) ልጠቀም ወይስ ትጋብ የሚለውን መለየት ያቅተኛል። «ትልቁ» እና «ትንሹ» የሚሉትን ቃላት እየተከተልኩ እሳሳታለሁ።

መልስ፦ ቃላቱን መከተሉ ነው የሚያሳስትሽ። ስሙ «ትልቁ» የሆነው ትጋአ ከተሰጡት ቁጥሮች ከትንሹ አይበልጥም፣ «ትንሹ» የተባለው ትጋብ ደግሞ ከትልቁ አያንስም። ስለዚህ ጠይቂ፦ የምፈልገው ነገር የተሰጡትን ቁጥሮች የሚቆራርጥ ነው ወይስ እነሱ እየተደጋገሙ የሚደርሱበት? የሚቆራርጥ ከሆነ ትጋአ፣ የሚደርሱበት ከሆነ ትጋብ።

84 እና 126 ሜትር የሆኑ ሁለት ገመዶች ሳይተርፍ እኩል ርዝመት ወዳላቸው በተቻለ መጠን ረጃጅም ቁራጮች ይቆረጡ ቢባል፣ የአንዱ ቁራጭ ርዝመት ትጋአው ነው፦ 42 ሜትር። ጥያቄው ግን ብዙውን ጊዜ «ስንት ቁራጭ ይወጣል?» ነው፦ 2 + 3 = 5። ምርጫዎቹ ውስጥ 42 እየጠበቀሽ ይቀመጣል።

ሦስት መብራቶች በየ12፣ በየ18 እና በየ30 ሰከንዱ ብልጭ ይላሉ፣ አሁን አብረው በርተዋል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ አብረው ይበራሉ? ከየትንታኔው ትልቁን አርቢ ስትወስጂ 2² × 3² × 5 = 180 ሰከንድ። 3600 ለ180 ሲካፈል 20 ነው። የመጀመሪያው ብልጭታ ይቆጠራል ከተባለ 21፣ «ከአሁን በኋላ» ከተባለ 20። ስሌቱን የሠራ ሁሉ የሚሳሳተው በዚች አንድ ነው።

ቀሪ ያለባቸው ላይ ቀሪውን መጀመሪያ አስወግጂ። ለ4፣ ለ5 እና ለ6 ሲካፈል ሁልጊዜ 3 የሚቀረው ቁጥር 3 ሲቀነስለት የ60 ብዜት ይሆናል፦ 63፣ 123 እያለ ይሄዳል። ትንሹ ከተባለ ግን 3 ራሱም ያሟላል፤ 63 የሚሆነው ጥያቄው ከ3 የሚበልጥ ካለ ነው። ቀሪዎቹ በቅደም ተከተል 3፣ 4 እና 5 ከሆኑ ደግሞ በሁሉም ላይ 1 እንደጎደለ አስተውዪ፦ 60 − 1 = 59። በተቃራኒው «77ን እና 113ን ሲያካፍል 5 የሚያስቀረው ትልቁ ቁጥር» ቢባል 72 እና 108 ላይ ትሠሪያለሽ፤ ትጋአቸው 36 ነው። «እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ስንት ናቸው?» ከተባለ ከ36 አካፋዮች ከ5 የሚበልጡትን ብቻ ቁጠሪ፦ 6፣ 9፣ 12፣ 18፣ 36። ቀሪ ከአካፋዩ ማነስ ስላለበት 4 እና ከዚያ በታች ያሉት አይገቡም።

ጥያቄ፦ «ብ ከ3 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ነው። ብ² ለ24 ሲካፈል ቀሪው ስንት ነው?» በ5፣ በ7 እና በ11 ሞክሬ 1 አገኘሁ። ሁልጊዜ ነው?

መልስ፦ ሁልጊዜ ነው። ብ² − 1 = (ብ − 1) × (ብ + 1)። ብ ኢ-ተጋማሽ ስለሆነ ሁለቱ ጎረቤቶቹ ተከታታይ ተጋማሾች ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ ለ4ም ስለሚካፈል ብዜታቸው ለ8 ይካፈላል። ከሦስት ተከታታይ ቁጥሮች አንዱ ለ3 ይካፈላል፤ ብ ራሱ አይደለም፤ ስለዚህ ከጎረቤቶቹ አንዱ ነው። 8 እና 3 የሚደራረብ አካፋይ ስለሌላቸው ለ24 ይካፈላል። ምርጫ ባለው ፈተና አንድ ቁጥር መሞከር በቂ ነው፤ ምርጫዎቹ ውስጥ «መወሰን አይቻልም» የሚል ካለ ግን ይህን ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል።

«የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ድምር 39 ነው፣ ብዜታቸውስ?» የሚለውንም ጠይቀሃል። የሁለት ጎዶሎዎች ድምር ተጋማሽ ስለሚሆን አንዱ ተጋማሽ መሆን አለበት፤ ተጋማሽ ሆኖ ብቸኛ የሆነው ደግሞ 2 ብቻ ነው። 2 እና 37፤ ብዜታቸው 74።

ጥያቄ፦ የሁለት ቁጥሮች ትጋአ በትጋብ ሲባዛ የቁጥሮቹን ብዜት ይሰጣል። ለሦስት ቁጥሮችስ ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። 2፣ 4 እና 8ን ይውሰዱ፦ ትጋአ 2፣ ትጋብ 8፣ ብዜታቸው 16፤ የሦስቱ ቁጥሮች ብዜት ግን 64 ነው። ሁለት ቁጥሮች ሲሆኑ ከእያንዳንዱ ብቸኛ አካፋይ ትንሹን አርቢ ትጋአ፣ ትልቁን ትጋብ ይወስድና ምንም አይቀርም። ሦስት ሲሆኑ መካከለኛውን የሚወስደው የለም። ለሁለት ቁጥሮች ግን በደንብ ይጠቀሙበት፦ ትጋአ 6፣ ትጋብ 180፣ አንዱ ቁጥር 36 ከሆነ ሌላው 6 × 180 ÷ 36 = 30 ነው። ትጋአ 8፣ ትጋብ 60 የሆኑ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ የሚል ጥያቄ ከገጠመዎት ደግሞ መፈለግ አይጀምሩ፤ ትጋአ ምንጊዜም ትጋብን ያለቀሪ ያካፍላል፣ 60 ግን ለ8 ሲካፈል 4 ይቀራል፤ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች የሉም።